የሙያ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት እንዳይርቁ ወርክሾፑን ማደራጀት፦ የስድስት ሳምንት የአሠራር መመሪያ

«ሲመዘገቡ ጉጉት አላቸው፤ ወር ሳይሞላ ግን መቅረት ይጀምራሉ። የመጡትም ጥግ ይዘው ደወል ይጠብቃሉ። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ቃሉ ይለያይ እንጂ ከሙያ መምህራን በየጊዜው የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው። የዚህ መመሪያ መልስ አንድ መነሻ አለው፦ የሙያ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚተሳሰረው በእጁ በኩል ነው። እጁ ሥራ ሲይዝ፣ የሠራው ነገር ሲሠራለት፣ ሥራውን አይቶ ስሙን ጠርቶ የሚያርመው ሰው ሲኖር ይመጣል። እጁ ሲፈታ ይርቃል። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ሥራ ፈትቶ የሚቆመውን ተማሪ ቁጥር ለመቀነስ የተዘጋጁ ናቸው።

ስሌቱ የተሠራው 24 ተማሪዎች ላሉት ክፍል፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚውል የ120 ደቂቃ የተግባር ክፍለ ጊዜ ነው። የእርስዎ ክፍል ከዚህ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ቁጥሮቹን ይቀይሩ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይቀይሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሥራ ካርድ፦ ግማሽ ገጽ ወረቀት፤ ንድፉ፣ ልኩ፣ የሥራው ቅደም ተከተልና የመመዘኛ ነጥቦቹ የሰፈሩበት። 24 ቅጂ፣ 6 መጠባበቂያ።
- የሚና ካርድ፦ ለ6 ጣቢያ በየጣቢያው 4፤ በድምሩ 24።
- የችሎታ ደብተር፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ።
- ከሁሉም ቦታ የሚታይ የግድግዳ ሰዓት ወይም ደወል ያለው ሰዓት ቆጣሪ።
- የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ የተሳለበት የመሣሪያ ሰሌዳ። መዶሻው የት እንደሚሰቀል ቅርጹ ስለሚናገር፣ የጠፋው ነገር ከሩቅ ይታያል።
- ሁለት ናሙና፦ አንዱ በትክክል የተሠራ፣ ሌላው ሆን ተብሎ ሦስት ጉድለት የተተወበት።
- የመለማመጃ ቁርጥራጭና ካርቶን። ለዋናው ሥራ የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ አንድ ተኩል እጥፍ ያዘጋጁ፤ ተጨማሪው ግማሽ ለስሕተት ነው።
- የዐይን መከላከያ መነጽር ለሁሉም ተማሪ፣ አራት ትርፍ። በሥራው ዓይነት ደግሞ ጓንት፣ የብየዳ ማስክ፣ የጆሮ መከላከያ፣ ሽርጥ ወይም ቱታ።
- ለኤሌክትሪክ ክፍል፦ ባለ 12 ቮልት የኃይል ምንጭ፣ በየጣቢያው 2 አምፔር ፊውዝ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይቀይሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቁጠሩ

ክፍሉ እንደ ወትሮው ይሂድ። 30ኛው እና 70ኛው ደቂቃ ላይ ቀና ብለው ይመልከቱና እጁ ሥራ ያልያዘ ስንት ተማሪ እንዳለ ይመዝግቡ። ከ24ቱ 9 ቢሆኑ 9/24 ብለው ይጻፉ። ተማሪዎቹ እየተቆጠሩ መሆኑን ማወቅ የለባቸውም፤ ካወቁ ሥራ የያዘ ለመምሰል ስለሚሯሯጡ ቁጥሩ ይበላሻል።

ከዚያ ዝርዝሩን ይዘው እያንዳንዱን ተማሪ ከሦስት በአንዱ ይመድቡ፦

ሀ) አካሉም አይገኝም፣ ቢገኝም እጁ አይንቀሳቀስም።
ለ) እጁ ይሠራል፣ ሐሳቡ ግን የለም፤ «ይህን ለምን እንዲህ ቆረጥከው?» ሲባል መልሱ «ካርዱ ስላለ» ነው።
ሐ) ይሠራል፣ ያስባልም፤ ነገር ግን ማንም እንደማያየው ይሰማዋል። ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይወጣል።

ይህን መለየት የሚጠቅመው መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። ለ«ሀ» ደረጃ 2 እና 3፣ ለ«ለ» ደረጃ 6 እና 8፣ ለ«ሐ» ደረጃ 5 እና 9 ይበልጥ ይሠሩለታል። ሦስተኛው ዓይነት ጸጥ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይታለፋል፤ ድንገት ትምህርት አቆመ ሲባል «ምንም ችግር አልነበረበትም» የሚባልለት ተማሪ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠናቀቅ ሥራ ይምረጡ

ከሁሉም በላይ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። ወደ ሙያ ትምህርት የሚገቡ ብዙ ተማሪዎች ቀደም ሲል በውጤታቸው ሲመዘኑ «አትችልም» የሚል መልእክት የሰሙ ናቸው። ያንን ንግግር አይሽረውም፤ በገዛ እጁ ሠርቶ የሚያየው ነገር ግን ይሽረዋል። የመጀመሪያው ሥራ አምስት ነገሮችን ማሟላት አለበት፦

በሁለት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። መሥራቱ ወይም አለመሥራቱ ያለ መምህር ይታወቃል፤ አምፖሉ ይበራል ወይም አይበራም፣ ክዳኑ ይገጥማል ወይም አይገጥምም። ቢያንስ ሦስት መሠረታዊ ክህሎት ይዟል። ቢበላሽ ኪሳራው ትንሽ ነው። በመጨረሻም ተማሪው ይወስደዋል ወይም በቀጣዮቹ ሳምንታት ራሱ ይጠቀምበታል።

በየሙያው የሚሆኑ ምሳሌዎች፦

*ኤሌክትሪክ።* በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት አምፖል፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከሁለት ቦታ ወደሚበራና ወደሚጠፋ መብራት ያሳድጉት። ሽቦ መላጥ፣ ተርሚናል ማሰርና ንድፍ ማንበብ ሦስቱም ይገኙበታል።

*ላሜራ ሥራ።* የቡሎንና የዳዶ ማስቀመጫ ትሪ፣ ሲያልቅ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው። የሚቆረጠው ላሜራ 26 በ36 ነው። ብዙዎች 20 በ30 ቆርጠው ሲያጥፉ 14 በ24 የሆነ ትሪ ይወጣላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በካርቶን ይሥሩት፤ ስሕተቱ በካርቶን ላይ ሲገኝ ተማሪው ይማርበታል፣ በላሜራ ላይ ሲገኝ ግን ይሸማቀቅበታል።

*እንጨት ሥራ።* የመሣሪያ መያዣ ሣጥን፣ ወለሉ 24 በ32 ሳንቲ ሜትር። ይህ ልክ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ ደረጃ 6 ላይ ይመለሳል።

*ልብስ ስፌት።* ኪስ ያለው የሥራ ሽርጥ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ተማሪዋ ራሷ ትለብሰዋለች።

*ኮምፒውተርና ኔትወርክ።* የኔትወርክ ገመድ ጫፍ መግጠም። ቲ568ቢ በተባለው መደበኛ የሽቦ አደራደር ቅደም ተከተሉ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ ነው። የተጠማዘዘው ጥንድ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መፈታት የለበትም። የገመድ መፈተሻው ቴስተር ሲሰካ ስምንቱም መብራት በተራ ከበሩ ሥራው አልቋል፤ የመምህር ፍርድ አያስፈልገውም።

የተጠናቀቀው ዕቃ ላይ ተማሪው ስሙንና ቀኑን ይጻፍበት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ስም ያለበትን ሥራ ማንም በግዴለሽነት አይተወውም።

ደረጃ 3፦ ወረፋን ያስወግዱ

ሥራ ፈትነት በአብዛኛው የሚመጣው ከስንፍና ሳይሆን ከወረፋ ነው። አንድ ማሽን ከብበው ሃያ ሰዎች ከቆሙ ሁለቱ ይማራሉ፣ አራቱ ያያሉ፣ የቀሩት ያወራሉ።

1. ክፍሉን በ6 ጣቢያ ይክፈሉት፤ በእያንዳንዱ 4 ተማሪ።
2. ውድ ወይም ብቸኛ የሆነው ማሽን (የብየዳ ማሽን፣ ብረት እያሽከረከረ የሚጠርበው ቶርኖ፣ የጠረጴዛ መጋዝ) ከ6ቱ ጣቢያ አንዱ ብቻ ይሁን። ሌሎቹ አምስት ጣቢያዎች ወደ ማሽኑ የሚያደርስ ሥራ ይኑራቸው፦ መለካትና ምልክት ማድረግ፣ መቁረጥ፣ በሞረድ ማስተካከል፣ በሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ በሚይዝ መያዣ) ይዞ ማገጣጠም፣ የተሠራውን መመርመር። በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ካለ እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማሽኑ ጋ ይደርሳል፤ የሚደርስበትንም ቀን አስቀድሞ ያውቃል።
3. በየጣቢያው የሚና ካርድ ያድሉ፦ ሁለት ሠሪ፣ አንድ መርማሪ (በሜትር፣ ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚፈትሸው ስኳድራ ወይም ውፍረት በሚለካው ካሊፐር ልክ የሚያረጋግጥ)፣ አንድ መዝጋቢ (ልኩን፣ የተበላሸውንና ምክንያቱን የሚጽፍ)። በየ20 ደቂቃው ካርዱ ወደ ቀኝ ይዞራል።
4. የሚናው ዙር ምን ጊዜም በካርድ እንጂ በተማሪዎቹ ስምምነት አይወሰን። ለስምምነት ከተተወ ጎበዙ መሣሪያውን ይይዛል፣ ዐይን አፋሩ ይጽፋል፣ ሴት ተማሪዎች ደግሞ እንዲመዘግቡና እንዲጠርጉ ይደረጋል። አንዲት ተማሪ ስድስት ሳምንት ሙሉ መዝጋቢ ሆና ከከረመች ሙያውን ሳትነካው አለቀ ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ ክፍል 12 ቮልት የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። በ220 ቮልት መምህሩ የእያንዳንዱን ቡድን ሥራ ሳያረጋግጥ ኃይል መስጠት ስለማይችል ስድስቱም ቡድን እጁን አጣጥፎ መምህሩን ይጠብቃል። በፊውዝ በተጠበቀ 12 ቮልት ግን ተማሪው ራሱ ይሞክራል፣ ካልበራለት ራሱ ይፈልጋል። ቮልቱ ሲወርድ ወረፋውም ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ 120 ደቂቃውን ይከፋፍሉ

- 5 ደቂቃ፦ የመግቢያ ሥራ። ተማሪው ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው አጭር ነገር ይኑር፤ ለምሳሌ «ይህን ቁራጭ ለካ፣ በሚሊ ሜትር ጻፍ»። የስም ጥሪ በዚህ መካከል በዐይን ያልቃል። ስም እየተጠራ 24 ሰው ዝም ብሎ ከተቀመጠ ክፍለ ጊዜው የጀመረው በሥራ ፈትነት ነው።
- 10 ደቂቃ፦ ማሳያ። አንድ ክህሎት ብቻ። መጀመሪያ ሳይናገሩ በመደበኛ ፍጥነት ያሳዩ። ቀጥለው ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴና ምክንያቱን እየተናገሩ ያሳዩ። ሦስተኛ ላይ ተማሪ ይናገር፣ እርስዎ እሱ ያለውን ብቻ ያድርጉ። የረሳው ደረጃ ካለ ሥራው ላይ ይታያል፤ ክፍሉም ያርመዋል።
- 80 ደቂቃ፦ ሥራ፣ 20 ደቂቃ በ4 ዙር።
- 10 ደቂቃ፦ ጽዳትና መሣሪያ መመለስ። የሁሉም ነው፤ ለቅጣት አይውልም።
- 15 ደቂቃ፦ ግምገማ። ሁለት ሥራ ከፍ ተደርጎ ይታያል፤ አንዱ የተሳካ፣ አንዱ የተበላሸ። የተበላሸውን የሚያቀርበው ሠሪው ራሱ በፈቃዱ ነው፤ ጥያቄውም «የቱ እርምጃ ላይ ነው የጀመረው?» የሚል ነው።

ማሳያው ከ10 ደቂቃ ካለፈ ለሁለት ቀን ይክፈሉት። ቆሞ የሚያይ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች የሚረሳው የመጨረሻዎቹን እያየ ነው።

ደረጃ 5፦ በዚያው ክፍለ ጊዜ ያርሙ፣ መሣሪያውን ግን አይንኩ

በ80ው ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ጣቢያ ጋ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይድረሱ። ስድስት ጣቢያ፣ ሁለት ዙር፣ በአማካይ 6 ደቂቃ፤ 72 ደቂቃ ይሞላል፣ 8 ደቂቃ ለድንገተኛ ይተርፋል። ሲደርሱ የሚሉት ሦስት ነገር ነው፦ የተስተካከለው የትኛው እንደሆነ፣ መታረም ያለበት አንድ ነገር፣ ቀጣዩ እርምጃ። ምሳሌ፦ «መስመሩን ጠብቀሽ ቆርጠሻል። ጠርዙ ግን አልተሞረደም፣ እጅ ይቆርጣል። እሱን ጨርሰሽ ወደ ማጠፊያው ሂጂ።»

አንድ ነገር ብቻ ማረም የሚያስፈልገው አራት ጉድለት በአንዴ የተነገረው ተማሪ አራቱንም ስለሚተወው ነው። «ጎበዝ» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ ምኑ ላይ እንደጎበዘ ካልተነገረው ሊደግመው አይችልም።

ፈተናው መሣሪያውን ከተማሪው እጅ ነጥቆ «እንዲህ ነው» ማለት ነው። ሥራው በፍጥነት ይስተካከላል፤ ዕቃው ግን ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የመምህሩ ሆነ። ማሳየት ካስፈለገ የራስዎን ቁርጥራጭ በኪስዎ ይያዙና በእሱ ላይ ያሳዩ።

መመዘኛው በሥራ ካርዱ ላይ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ፦ ልኩ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ አይዛነፍ፣ ማዕዘኑ በስኳድራ ሲታይ ብርሃን አያሳልፍ፣ ከተርሚናሉ ውጭ ባዶ ሽቦ አይታይ። በችሎታ ደብተሩ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክህሎት አራት ደረጃ ይኑር፦ ገና ነው፤ በእገዛ ይሠራል፤ ብቻውን ይሠራል፤ ሌላውን ማሳየት ይችላል። ምልክቱን መጀመሪያ ተማሪው ያድርግ፣ መርማሪው ያረጋግጥ፣ እርስዎ ይፈርሙ። አራተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ በቀጣዩ ማሳያ ላይ እርስዎን ይተካ።

ደረጃ 6፦ ሒሳቡንና ጽሑፉን ከሥራው ውስጥ ያውጡ

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከሒሳብና ከቋንቋ መምህራን ጋር በሳምንት 30 ደቂቃ ይቀመጡ። ይዘው የሚገቡት አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ሳምንት የሚሠራው ሥራ ካርድ። ቅደም ተከተሉ ከሥራው ይነሣል፣ ሒሳቡን ያወጣል፣ ተመሳሳይ ሌላ የሥራ ጥያቄ ያስሠራል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ተራ የሒሳብ ጥያቄ ይሻገራል፣ በመጨረሻም ወደ ዕቃው ይመለሳል።

የእንጨት ሣጥኑን እንውሰድ። ወለሉ 24 በ32 ነው። ተማሪው ሁለቱን ሰያፍ ይለካል፤ እኩል ከሆኑ ሣጥኑ ቀጥ ብሏል። ስንት ሆኑ? 40። ለምን 40? 24 በራሱ ሲባዛ 576፣ 32 በራሱ ሲባዛ 1,024፣ ድምሩ 1,600፣ የእሱም ካሬ ሥር 40። ከዚያ 60፣ 80 እና 100 ሳንቲ ሜትርን ወለል ላይ ለክቶ የግድግዳ ማዕዘን ይፈትሻል። የፓይታጎረስ ቀመር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሲጻፍ የሚያንቀላፋ ተማሪ፣ ሰያፉ 41 ወጥቶ ሣጥኑ ሲያዘነብልበት ይነቃል።

ለልብስ ስፌት፦ ሲያልቅ 18 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ኪስ በግራና በቀኝ 1.5 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ካለው 21 ተደርጎ ይቆረጣል። ለ24 ሽርጥ ስንት ሜትር ጨርቅ ይገዛ? የጨርቁ ወርድ ሲቀየርስ?

ለኤሌክትሪክ ደግሞ፦ ባለ 12 ቮልት፣ 6 ዋት የክር አምፖል 0.5 አምፔር ይስባል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲገናኙ 1.5። ሲበራ የሚኖረው ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) በስሌት 24 ኦም ነው። አሁን አምፖሉን አላቅቀው በመልቲሜትር ይለኩት፤ በጣም ያነሰ ቁጥር ያሳያል። «ሜትሩ ተበላሽቷል» ይላሉ። መልሱን ቶሎ አይንገሩ። አምፖሉ ሲለካ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲሠራ ግን ክሩ ግሏል፤ ብረት ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል። እጁ የሚሠራ ሐሳቡ ግን የሌለ ተማሪ የሚነቃው ስሌቱና መሣሪያው ሲጣሉበት ነው።

ጽሑፍን በተመለከተ መዝጋቢው የሚጽፈው ወረቀት ለቋንቋ መምህሩ ይድረስ። የሥራ ሪፖርት፣ የዕቃ ግዥ መጠየቂያ፣ የዋጋ ግምት፣ ለደንበኛ የሚጻፍ ማብራሪያ ሁሉም የቋንቋ ትምህርት ናቸው።

ደረጃ 7፦ በሦስተኛው ሳምንት ምርጫ ይስጡ፣ ወሰንም ያብጁለት

አንድ ዓይነት ክህሎት የሚጠይቁ ሦስት ዕቃዎች ያቅርቡና ተማሪው አንዱን ይምረጥ። ላሜራ ላይ፦ የቆሻሻ ማፈሻ፣ ክዳን ያለው ሣጥን ወይም የግድግዳ መደርደሪያ። ሦስቱም መለካት፣ መቁረጥና ማጠፍ ስላላቸው በአንድ መመዘኛ ይታረማሉ። ራሱ የመረጠውን ሥራ ተማሪ ሲቸግረውም ይታገለዋል። «የፈለጋችሁትን ሥሩ» ማለት ግን አይሠራም፤ ጥሬ ዕቃው አይበቃም፣ ግማሾቹ መምረጥ አቅቷቸው ሁለት ቀን ያልፋል፣ ሌሎቹ ከአቅማቸው በላይ ጀምረው ያቋርጣሉ።

ደረጃ 8፦ በአራተኛው ሳምንት የተበላሸ ነገር ይስጧቸው

ለእያንዳንዱ ጣቢያ አምስት ብልሽት የተቀበረበት ሥራ ያዘጋጁ። ኤሌክትሪክ፦ የላላ ተርሚናል፣ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ በተሳሳተ ተርሚናል የታሰረ ማብሪያ፣ የተቃጠለ አምፖል። ስፌት ማሽን፦ ተገላቢጦሽ የገባ መርፌ፣ የጠበቀ ክር፣ በስሕተት የተጠቀለለ ቦቢን (የታችኛው ክር ማጠንጠኛ)፣ የደነዘዘ መርፌ፣ ለጨርቁ የማይስማማ የስፌት ርዝመት።

ሕጉ አንድ ነው፦ ከመንካታቸው በፊት የጠረጠሩትንና ለምን እንደጠረጠሩት ይጽፋሉ። ይህን ካላስገደዱ ተማሪው ሁሉንም እየፈታ ይሞክራል፤ በዕድል ያገኘዋል፣ ምንም ሳይማርበት። ለጥገና ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው የሚፈልገው ይህንኑ አስተሳሰብ መሆኑንም ይንገሯቸው፤ የሚሠሩት ነገር ከትምህርት ቤት ውጭ ምን እንደሚያደርግላቸው ሲያውቁ ይበልጥ ይተጋሉ።

ደረጃ 9፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሰው ይመድቡ (ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ)

24ቱን ተማሪዎች ለሦስት አዋቂዎች፣ ለእያንዳንዱ ስምንት አድርገው ያካፍሉ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የወርክሾፕ ረዳት ወይም የሒሳብ መምህር ሊሆን ይችላል። ሥራው በሳምንት ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ነው፦ ሥራውን፣ ደብተሩ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ የችሎታ ደብተሩን አይቶ ስለ አንድ ነገር መጠየቅ።

ተማሪ ሲቀር በዚያው ቀን ይደወል። በሦስተኛው ቀን የሚደወል ስልክ ክስ ይመስላል። የሚባለውም ቀላል ነው፦ «ሣጥንህ ክዳን ብቻ ነው የቀረው፤ ጣቢያ ሦስት ላይ አስቀምጠንልሃል። ነገ ትመጣለህ?» «ለምን ቀረህ?» ብሎ መጀመር ሰበብ ያስመጣል፤ ምክንያቱን ሲመጣ በአካል ይጠይቁት።

በብዙ ቦታ ከትምህርት ቀኖች 10 በመቶውን የቀረ ተማሪ በአሳሳቢ ደረጃ ቀሪ ተብሎ ይያዛል። በስድስት ሳምንት፣ በ30 የትምህርት ቀን፣ ይህ 3 ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛው ቀሪ ላይ ቤተሰብን ማነጋገር እንጂ ሦስተኛውን መጠበቅ አያስፈልግም። ሲመለስ ያመለጠውን ማሳያ የሚያሳየው በችሎታ ደብተሩ «ሌላውን ማሳየት ይችላል» ላይ የደረሰ የጣቢያ ጓደኛው ይሁን፤ ሥራው የት እንደደረሰ ሳያውቅ ጥግ ላይ የቆመ ተመላሽ በማግስቱ እንደገና ይቀራል።

ደረጃ 10፦ አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት

በአምስተኛው ሳምንት እውነተኛ የሥራ ትዕዛዝ ይቀበሉ፤ የተሰበረ ወንበር፣ የተሰነጠቀ የሶኬት ክዳን፣ የተቀደደ መጋረጃ። ትዕዛዙ በጽሑፍ ይምጣ፣ ተማሪዎቹ ለክተው ይገምቱ፣ ሲያልቅ ያዘዘው ሰው ራሱ መጥቶ ይረከብ። በዚያው ሳምንት በሙያው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሠራ ወጣት ይጋብዙ። ከድርጅት ባለቤት ይልቅ እሱ ይሻላል፤ ተማሪው ራሱን የሚያየው በቅርቡ እዚያው ወንበር ላይ በነበረ ሰው ውስጥ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ዐውደ ርእይ፦ እያንዳንዱ ተማሪ ከሥራው አጠገብ ቆሞ ሦስት ደቂቃ ያስረዳል። ምን እንደሠራ፣ የት እንደተበላሸበት፣ እንዴት እንዳስተካከለው። ቤተሰብ ይጠራ። ልጃቸው የሚያስረዳውን ሲሰሙ ከዚያ በኋላ የመቅረት ስልክ ሲደወልላቸው ይተባበራሉ።

ማስጠንቀቂያ

- የዙር ደወል በምንም ምክንያት በሥራ ላይ ያለ ማሽን አያስቁም። ደወል ማለት «የጀመርከውን መቁረጥ ጨርስ፣ ማሽኑን አጥፋ፣ ከዚያ ካርድህን አዙር» ማለት መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ያስተምሩ። ችኮላ ጣት ያስቆርጣል።
- ብየዳ ላይ የሚያዩትም ይጎዳሉ። ለተለመደ የኤሌክትሮድ ብየዳ ቁጥር 10 መስተዋት ለሠሪውም ለሚያየውም ያስፈልጋል፤ ጣቢያውም በመጋረጃ ይከለል። የዐይን ቃጠሎው ወዲያው ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ስለሚሰማ ተማሪው በጊዜው ምንም አልሆንኩም ይላል።
- ዚንክ የተቀባ ላሜራ አይበየድ። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።
- በመሰርሰሪያና በቶርኖ ላይ ጓንት፣ ሰፊ እጅጌና ያልታሰረ ፀጉር ክልክል ነው። ጓንት የሚጠብቅ ይመስላል፤ የሚሽከረከር ነገር ግን ጓንቱን ይዞ እጁን ይጎትታል።
- የመኪና ባትሪ እንደ 12 ቮልት ምንጭ ከተጠቀሙ ፊውዝ የግድ ነው። ቮልቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ሲነካካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቃል፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቁ።
- ከወርክሾፑ የራቀበት ምክንያት ረሀብ፣ ሕመም ወይም በቤት የሚደርስ ጉዳት ከሆነ ብቻዎን አይያዙት፤ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለሚመለከተው ኃላፊ ያሳውቁ።

በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

*አራት ሳምንት የመሣሪያ ስም ማስገልበጥ።* ስሙን የሚያስታውሰው ሲይዘው ነው። ካቻቢቴና ፒንሳን ከደብተር ሳይሆን ከሰሌዳው ላይ አውርዶ፣ ተጠቅሞ፣ መልሶ ሲሰቅል ያውቀዋል። ከጅምሩ መቅደም ያለበት ትምህርት ደኅንነት ብቻ ነው፤ እሱም በማሽኑ አጠገብ።

*ከወርክሾፕ ማባረርን ቅጣት ማድረግ።* ከትምህርት ቤቱ ጋር ያያዘውን አንዱን ገመድ በገዛ እጅ መቁረጥ ነው። የደኅንነት ሕግ የጣሰ ተማሪ ግን ወዲያው ከማሽኑ ይነሣ፤ በዚያው ክፍለ ጊዜ መርማሪ ሆኖ ይሥራ፣ ሕጉን አሳይቶ በሚቀጥለው ይመለስ።

*የውጤት ደረጃ ግድግዳ ላይ መለጠፍ።* መጨረሻ የወጣው ተማሪ በየቀኑ ስሙን እያነበበ ይገባል። ሥራዎችን ይስቀሉ፣ ደረጃን ግን በደብተሩ ውስጥ ይተዉት።

*ተማሪን እንደ ነፃ የጉልበት ሠራተኛ መጠቀም።* የመጀመሪያው ወንበር ትምህርት ነው፣ ሦስተኛው ልምምድ፣ አርባኛው ጉልበት። አንድ ተማሪ አንድን ጥገና ሦስት ጊዜ በትክክል ከሠራ ለሌላው ያሳይና ወደ አዲስ ሥራ ይለፍ።

*ሁሉንም በአንድ ሳምንት መጀመር።* ጣቢያ፣ ካርድ፣ ደብተርና ዙር አንድ ላይ ሲመጡ መምህሩም ተማሪውም ይደናገራል። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቢያና የመጀመሪያው ሥራ ይግቡ፣ በሁለተኛው የሚና ካርድ፣ በሦስተኛው የችሎታ ደብተር። የደረጃ 9 ምደባና የመቅረት ስልኩ ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመሩ።

ውጤቱን መለካት

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ተራ ክፍለ ጊዜ መርጠው የደረጃ 1ን ቆጠራ ይድገሙ፤ 30ኛውና 70ኛው ደቂቃ። ከአጠገቡ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፦ የሳምንቱ የመገኘት መቶኛ፣ የተጠናቀቁ ሥራዎች ብዛት፣ «ብቻውን ይሠራል» ላይ የደረሱ ክህሎቶች ድምር። ስም የማይጻፍበት ወረቀትም ያድሉ፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ዛሬ እጅህ ሥራ የፈታበት ጊዜ ነበር? የሠራኸውን ማን አየልህ? ነገ የምትሠራውን ታውቃለህ?

መገኘቱ ጨምሮ ሥራ ፈት እጆች ካልቀነሱ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ፤ ወረፋው ሌላ ቦታ ተደብቋል፣ ብዙ ጊዜም የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ ነው። እጆቹ ሥራ ይዘው መገኘቱ ካልጨመረ ችግሩ ደረጃ 9 ላይ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ «ማንም» ብለው የመለሱ ከሦስት በላይ ከሆኑ ደግሞ የስምንቱን ዝርዝር እንደገና ያካፍሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜም ዙርዎን ከዚህ በፊት መጨረሻ ላይ ከሚደርሱበት ጣቢያ ይጀምሩ።